በጋምቤላ ሙቀት ለሚሠራ የጨዋታ ኮምፒውተር፦ በአነስተኛ በጀት ዕቃ ስለመምረጥ

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእስ በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ያልተለመደ መሆኑን ዐውቃለሁ። «ጨዋታ» የሚለው ቃል ብቻ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንዳሰኘ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ርእሱን የመረጥሁት ተማሪዎቼ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «መምህር፣ በዚህ ገንዘብ ራሴ ገጣጥሜ ጨዋታ የሚያጫውት ኮምፒውተር መሥራት እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ዕቃ ልግዛ?» ይላሉ። ገንዘቡ የዓመት ቁጠባ ነው፤ አንዳንዴ የዕቁብ ዕጣ ነው፤ አንዳንዴም ታላቅ ወንድም ከሥራው ቆጥቦ የላከው ነው። ሁለተኛ ዕድል የለውም። አዲስ አበባ ያለ ልጅ የማይሠራ ዕቃ ቢገዛ በነጋታው መርካቶ ወይም መገናኛ ተመልሶ ከሻጩ ጋር ይከራከራል። የጋምቤላን ልጅ ግን ከሻጩ የሚለየው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ስለዚህ ማሰቡ ሁሉ ከግዢው በፊት ማለቅ ይኖርበታል።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። በዓለም ላይ የሚሰራጩት የምርጥ ዕቃዎች ዝርዝሮች የተጻፉት ክፍሉ 20 ወይም 22 ዲግሪ ለሆነለት፣ መብራት ለማይሄድበት፣ ዕቃ ቢበላሽ በሁለት ቀን ለሚለወጥለት ሰው ነው። በእነዚያ ዝርዝሮች ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ይፈጥናል?» የሚል ነው። እኛ ዘንድ ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ «ስንት ዓመት ይቆያል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሲለወጥ የዕቃው ቅደም ተከተልም ይለወጣል። የዛሬው ንግግሬ ጭብጥ ይኸው ነው።

ስለ ቦታው

ጋምቤላ ዕቃ ከሩቅ ማስመጣትን የለመደች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲቋቋም፣ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን ዕቃ ጭነው የሚመጡት ወንዙ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ብቻ ነበር። በሙላቱ ያልደረሰ ጭነት እስከሚቀጥለው ክረምት ይጠብቃል። ስለዚህ ነጋዴው የጎደለውን ሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት። ዛሬ ዕቃው የሚመጣው በጎሬና በመቱ በኩል በመኪና ቢሆንም ብልሃቱ አላረጀም፤ አንዲት ኬብል ብትረሱ የተቀረው ዕቃ ሁሉ ሳይሠራ ይቀመጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ሙሉ ዝርዝር ጻፉ፤ ዊንጮቹን፣ ቴርማል ፔስቱን፣ የስክሪኑን ኬብል፣ ካቻቢቴውን ሳይቀር።

ወደ ሙቀቱ ልመለስ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ አልፎም ይሄዳል። የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ፋን ደግሞ አየሩን አያቀዘቅዝም፤ የክፍሉን አየር ወደ ሞቀው ዕቃ መንፋት ብቻ ነው ሥራው። ከዚህ የምንረዳው ሒሳብ ቀላል ነው። አንድ ፕሮሰሰር በጨዋታ ጊዜ ከክፍሉ አየር በ50 ዲግሪ ከፍ የሚል ቢሆን፣ 20 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ 70 ይደርሳል። እዚህ 38 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ደግሞ 88 ይሆናል። አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን የሚቀንሱት ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ወሰን ላይ ነው። እዚያ የነበረው የ25 ዲግሪ ትርፍ እዚህ ወደ 7 ወረደ ማለት ነው። ፊዚክስ ግን ጥቂት ይክሰናል፤ ቆላው አየር ከደጋው አየር ወፈር ያለ ስለሆነ ሙቀትን በተሻለ ይሸከማል። ይህ ካሳ ግን 18 ዲግሪ ልዩነትን አይሸፍንም።

ሙቀት ፍጥነትን ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ ዕድሜንም ይወስዳል። በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች በውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ በሙቀት ቀስ በቀስ ይደርቃል። መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት የግምት ሕግ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይላል። ርካሹ ፓወር ሰፕላይ በደጋ አራት ዓመት ቢያገለግል በቆላ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል እናንተው አስሉት።

ስለ መብራት

ሁለተኛው ጉዳይ መብራት ነው። መብራት መሄዱን ሁላችንም እንፈራለን፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ግን ብዙውን ጊዜ መብራት ሲመጣ ነው። ኃይሉ ሲመለስ በሠፈሩ ያለው ፍሪጅ፣ ምጣድና ፓምፕ ሁሉ አንድ ላይ ይነሣል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይወጣል። ስለዚህ አንደኛው ምክሬ ገንዘብ አያስወጣም፤ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃዎች ታግሣችሁ ስኩ።

ሁለተኛው ምክሬ ገንዘብ ያስወጣል። ዩፒኤስ ግዙ። በዩፒኤስ ሳጥን ላይ የተጻፈው 650 ቪኤ የሚል ቁጥር ዋት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው የሚሸከመው። ጨዋታውን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ዩፒኤስ የማይቻል ከሆነ ቢያንስ ጥሩ ስታቢላይዘር ይኑራችሁ። በአንድ ዲቫይደር ላይ ኮምፒውተሩን፣ ቬንትሌተሩንና የሻይ ማፍያውን አብሮ መሰካት ግን ይቅር።

ሦስተኛው የምድር ሽቦ ነው። የኮምፒውተሩን ብረት ስትነኩ ኮረንቲ የሚነዝራችሁ ከሆነ ቤታችሁ የምድር ሽቦ የለውም ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርታችሁ አሠሩ፤ ይህ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ለነፍሳችሁ ነው።

ስለ ገንዘቡ

ዛሬ ዋጋ እንድጠራላችሁ የምትጠብቁ ትኖራላችሁ። አልጠራም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ዛሬ የምጠራው ዋጋ ይህ ጽሑፍ ስታነቡት የውሸት ይሆናል። ድርሻ ግን እንደ ዋጋ ቶሎ አያረጅም። ስለዚህ ገንዘባችሁን መቶ እጅ አድርጋችሁ አስቡትና እንዲህ ክፈሉት፤ ለፓወር ሰፕላይና ለዩፒኤስ 25፣ ለፕሮሰሰር 25፣ ለማዘርቦርድ 15፣ ለራም 15፣ ለኤስኤስዲ 12፣ ለኬዝና ለፋን 8።

በዚህ ክፍፍል ውስጥ ግራፊክስ ካርድ እንደሌለ አስተውላችኋል። የውጭዎቹ ዝርዝሮች ከበጀቱ ሲሶውን ወይም ግማሹን ለግራፊክስ ካርድ ይሰጣሉ። እኔ በመጀመሪያው ዙር ምንም አልሰጠሁትም። ምክንያቱን ለማስረዳት በፊታችን ያሉትን ሦስት መንገዶች ላሳያችሁ።

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ የሚባሉት ጠንካራ ማሽኖች ናቸው። በእነርሱ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን ጂቲኤክስ 1650 የመሰለ 75 ዋት ብቻ የሚፈልግ ካርድ ቢሰካ ኃይሉን ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ያገኛል። እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። ከጂቲኤክስ 1650 ዓይነቶች መካከል ተጨማሪ የኃይል ኬብል የሚፈልጉ ስላሉ ካርዱን ዐይታችሁ ግዙ። ቀጭን ኬዝ ያለው የቢሮ ኮምፒውተር ሙሉ ቁመት ያለውን ካርድ አያስገባም። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይም አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው የራሱ ቅርጽና መሰኪያ ያለው ነው፤ ሲቃጠል ከየትኛውም ሱቅ በተገኘ አይተካም። በተጨማሪም ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በፊት የተሠሩት ፕሮሰሰሮች ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበሉም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ርካሹ መንገድ ይህ ነው፤ ግን ጫፉ ቅርብ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ግራፊክሱ በውስጡ ያለ ፕሮሰሰር ገዝቶ ካርዱን ለነገ ማቆየት ነው። ለዚህ የምመርጠው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ስድስት ኮር አለው፤ የኃይል ደረጃው 65 ዋት ነው፤ በማዘርቦርዱ ማስተካከያ ወደ 45 ዋት ዝቅ ማድረግም ይቻላል። በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ይህች ማስተካከያ ከአንድ ተጨማሪ ፋን ትበልጣለች። ሙሉው ኮምፒውተር በጨዋታ ጊዜ ከ100 እስከ 130 ዋት ገደማ ስለሚስብ ትንሹ ዩፒኤስ በሚገባ ይሸከመዋል። እንደ ዶታ 2፣ ቫሎራንት፣ ጂቲኤ 5 እና የእግር ኳስ ጨዋታዎች ያሉትን ቅንብራቸውን መጠን አድርጎ ያጫውታል። አዳዲሶቹንና ከባዶቹን አይችልም፤ ይህን አስቀድማችሁ ዕወቁት።

ሦስተኛው መንገድ ሙሉ ግንባታ ነው፤ ፕሮሰሰርና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ። እዚህ የምመክረው 8 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያለውንና 132 ዋት ብቻ የሚወስደውን አርኤክስ 6600 ነው። ቀድሞት የነበረው አርኤክስ 580 በርካሽ ይገኛል፤ ግን ባነሰ አቅም 185 ዋት ይበላል። በጋምቤላ ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱን ዋት ዋጋ ሁለት ጊዜ ነው የምትከፍሉት፤ አንዴ በቆጣሪው፣ አንዴ በክፍሉ ሙቀት። ኮምፒውተር የሚስበው ኃይል ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይወጣልና። አንድ 450 ዋት የሚወስድ አርቲኤክስ 4090 በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስኬድ ትንሽ ምድጃ አጠገባችሁ አንድዶ እንደ መቀመጥ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገጣጥም ተማሪ የምመክረው ሁለተኛውን መንገድ ሆኖ በሩ ወደ ሦስተኛው የተከፈተ እንዲሆን ነው። ይህም ማለት ቢ450 ወይም ቢ550 የሚባል ማዘርቦርድ፣ 450 ወይም 550 ዋት ያለው እውነተኛ ፓወር ሰፕላይ፣ ካርድ የሚበቃው ኬዝ ዛሬውኑ መግዛት ነው። ካርዱ በሚቀጥለው ዕቁብ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚጣል ዕቃ አይኖርም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ 5600ጂ የሚያስተናግደው ሦስተኛውን ትውልድ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የሚባለው ካርድ ደግሞ የሚጠቀመው አራት መስመሮችን ብቻ ስለሆነ በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ርካሽነቱ አያታላችሁ።

ስለ እያንዳንዱ ዕቃ

ፓወር ሰፕላይ፦ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትመርጡት ይህን ነው። በሳጥኑ ላይ ያለው የዋት ቁጥር በስንት ዲግሪ እንደተለካ አንብቡ። ርካሾቹ የሚለኩት በ25 ዲግሪ ነው፤ ጥሩዎቹ በ40 ወይም በ50። ሌላው ምልክት የሚቀበለው ቮልቴጅ ነው፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ መብራት ሲደክም ይታገሣል፤ 220 ብቻ የሚለው ግን ቶሎ ይጠፋል። 80 ፕላስ የሚለው ማኅተም ስለ ብክነት እንጂ ስለ ጥንካሬ የሚመሰክር አይደለም፤ ብክነት ሲቀንስ ግን ሙቀትም ይቀንሳልና ብሮንዝ የሚለው ደረጃ ይበቃችኋል። ከኬዝ ጋር በነጻ የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይን አትመኑ።

ራም፦ 16 ጊጋባይት ግዙ፤ ግን አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይሁን። ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሲሆን የሚሠራው ከዚሁ ራም ተበድሮ ነው፤ ሁለት ዱላዎች ሲሆኑ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ ጨዋታውም ጎልቶ በሚታይ መጠን ይፈጥናል። ከዚህ የተሻለ ያለ ወጪ የሚገኝ ትርፍ በሙሉ ግንባታው ውስጥ አላውቅም።

ኤስኤስዲ፦ 500 ጊጋባይት መነሻ ነው። አንዳንድ ጨዋታ ብቻውን 100 ጊጋባይት ይይዛል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ይህን ለማውረድ ሳይቋረጥ 22 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ልጅ ያወረደውን ሌላው ከእርሱ ቢቀዳ ይሻላል። ስቲም የሚባለው የጨዋታ መደብር እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአንድ ኔትወርክ ላይ ካለ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መቅዳት ፈቅዷል፤ ኢንተርኔት ማባከን አያስፈልግም።

ኬዝ፦ ፊቱ መስታወት የሆነውን ተዉት፤ ወንፊት የሆነውን ምረጡ። ከፊት ሁለት ፋን አየር ያስገባ፣ ከኋላ አንድ ያስወጣ። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ አቧራ በየቀዳዳው አይሳብም። የአቧራ ማጣሪያውን በበጋ በየሁለት ሳምንቱ እጠቡት። ኬዙን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት።

ስክሪን፦ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይ ካለው ለጊዜው ይበቃል። የጨዋታውን ምስል በሰከንድ 60 ላይ ገድቡት፤ ስክሪናችሁ ከዚያ በላይ የማያሳይ ከሆነ ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ስለ መግዛት

ያገለገለ መግዛት ነውር የለበትም፤ ሳይፈትኑ መግዛት ነው ችግሩ። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ ዓለም ገበያ ወጡ። እንዲህ ያለ ካርድ የግድ መጥፎ አይደለም፤ ፋኑና ቴርማል ፔስቱ ግን ደክሞ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሦስት ነገር ያድርግላችሁ። ጂፒዩ ዚ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ካርዱ ስሙን እንደሆነ ይመልከት፤ አሮጌ ካርድ በአዲስ ስም ተሰይሞ ይሸጣልና። ከባድ ጨዋታ ወይም የመፈተኛ ፕሮግራም ለ30 ደቂቃ ያስኪድ። ከዚያም ሙቀቱን አንብቦ ይላክላችሁ፤ በዚያ ቁጥር ላይ የጋምቤላን 18 ዲግሪ እናንተ ደምሩበት። እዚያ 82 ያሳየ ካርድ እዚህ አይኖርም።

ለምን ይህን ሁሉ?

ወላጆች ሆይ፣ አሁን ለእናንተ ነው የምናገረው። ልጄ ለጨዋታ ይህን ሁሉ ገንዘብ ለምን ያወጣል ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ልጆቻችን ዛሬም ይጫወታሉ፤ በጆተኒውም በፕሌይስቴሽን ቤቱም በየጨዋታው እየከፈሉ ይጫወታሉ። ከዚያ የሚተርፋቸው የመሸነፍና የማሸነፍ ወሬ ነው። ራሱ የገጣጠመ ልጅ ግን ዋትንና ቮልትን፣ የሙቀት ፍሰትን፣ በጀት ማውጣትን፣ የቴክኒክ መግለጫ ማንበብን በራሱ ገንዘብ ላይ ይማራል፤ በራስ ገንዘብ የተማሩት ደግሞ አይረሳም። ያው ማሽን ማታ ጨዋታ ያጫውታል፤ ቀን በብሌንደር ሥዕል ያስነሣል፣ ኮድ ያሠራል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስጽፋል። እንደ ፕሌይስቴሽን በጨዋታ ብቻ የታሰረ አይደለም።

በሀገራችን ጨዋታ መሥራትም ተጀምሯል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ባህላዊውን ገበጣም ወደ ስልክ አምጥቷል። የስልክ ጨዋታ የሚጫወቱት በስልክ ቢሆንም የሚሠራው በኮምፒውተር ነው። በአኝዋክኛ ወይም በኑዌርኛ የሚናገር፣ ባሮን የሚያውቅ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ቢነሣ ከዚህ አዳራሽ ቢነሣ ደስ ይለኛል፤ እንዲነሣ ግን በመጋቢት የማይጠፋ ማሽን ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የተናገርሁትን ልሰብስብ። ከመግዛታችሁ በፊት ሙሉ ዝርዝር ጻፉ። ኃይልንና አየርን አስቀድሙ፤ ፍጥነትን አስከትሉ። ዛሬ የምትገዙት ዕቃ ነገ የሚመጣውን የሚቀበል ይሁን። ገንዘባችሁ ካልበቃ ደካማ ሙሉ ኮምፒውተር ከመግዛት ጠንካራ ጎዶሎ መግዛት ይሻላል፤ ጎዶሎው በጊዜው ይሞላል፤ ደካማው ግን እንደገና ያስገዛል።

ዝርዝራችሁን ጽፋችሁ ወደ ቢሮዬ ብታመጡ አብረን እናየዋለን፤ ገንዘቡን ከላካችሁ በኋላ ሳይሆን ከመላካችሁ በፊት ኑ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።